አንጀሎ ሞሶ (1846–1910)፦ የአንጎል ደምና የሽንት ፊኛ ምርመራ የተገናኙበት ሕይወት

በእንቅልፍ ልባቸው ሽንት የሚያመልጣቸውን ልጆች አንጎል በምስል መሣሪያ የሚመረምሩ ጥናቶች ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በቁጥር እየበዙ መጥተዋል። ችግሩ ሰባት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከአምስት እስከ ዐሥር በመቶ በሚሆኑት ላይ ስለሚታይ የተመራማሪዎችን ትኩረት ማግኘቱ አያስገርምም። የሚያስገርመው የታሪኩ አጀማመር ነው። የጥናቶቹ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 የደም ኦክስጅን መጠን በኤም አር አይ ምስል ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ካሳየበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ እንደ ቅድመ ታሪክ ይታለፋል። ሆኖም ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት በሰሜን ኢጣሊያ አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው አንጎል ሲሠራ በውስጡ ያለው የደም መጠን እንደሚለወጥ በሕያው ሰው ላይ መዝግቧል፤ የተኛ ሰው አንጎል፣ ሰውዬው ሳይነቃ፣ ለድምፅ መልስ እንደሚሰጥ ተመልክቷል፤ የሽንት ፊኛም ለስሜትና ለሐሳብ እንደሚኮማተር በመሣሪያ አሳይቷል። ሦስቱ ሥራዎች የአንድ ሰው መሆናቸው እምብዛም አይወሳም። ይህ አጭር መጣጥፍ የዚያን ሰው፣ የአንጀሎ ሞሶን፣ ሕይወት በዚህ በኩል ለመመልከት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ሞሶ ስሙ የሚነሣው ሽንት በሚያመልጣቸው ልጆች ሐኪምነት አይደለም። የሚታወቀው ስለ ፍርሃት፣ ስለ ድካምና ስለ ተራራ ላይ ሕይወት በጻፋቸው መጻሕፍት ነው። ሥራዎቹን ከዛሬው ጥያቄ ጋር የሚያገናኘው ክር የእኛ ነው፤ ክሩ ይጠብቅ ወይም ይላላ እንደሆነ አንባቢው ይፈርዳል።

ሞሶ ሜይ 30 ቀን 1846 በቱሪን ተወለደ፤ ያደገው ግን ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በኪየሪ ነው። አባቱ አናጢ ነበር። ቤተሰቡ በኑሮ ዝቅ ያለ ስለነበረ ልጁ ትምህርቱን የገፋው በችግር ነው፤ በቱሪን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር በኪየሪ የተፈጥሮ ሳይንስ እያስተማረ ራሱን ይደጉም ነበር። የአናጢ ልጅነቱን እዚህ ላይ ማንሣት ለጌጥ አይደለም። ሞሶ በኋላ የሠራቸው መሣሪያዎች ከእንጨት፣ ከውኃ፣ ከጎማ ቱቦና ከሚዛን የተገጣጠሙ፣ እጅ የለመደ ሰው ብቻ የሚያስባቸው ነበሩ። በ1870 በሕክምና ተመረቀ። በውትድርና ሐኪምነት ካገለገለ በኋላ ወደ ፍሎረንስ ሄዶ በሞሪትዝ ሺፍ ቤተ ሙከራ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ላይፕትሲግ አቀና።

ላይፕትሲግ ወሳኝ ሆነችለት። በዚያ የነበረው የካርል ሉድቪግ የፊዚዮሎጂ ተቋም ከመላው ዓለም ወጣት ሐኪሞች የሚጎርፉበት ቦታ ነበር። ሉድቪግ ለዘመኑ ያበረከተው ትልቁ ነገር የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱን በራሱ እንዲጽፍ ማድረጉ ነው። ጥላሸት በተቀባ ወረቀት የተጠቀለለ ሲሊንደር በእኩል ፍጥነት ይሽከረከራል፤ ከደም ሥር ወይም ከጡንቻ ጋር የተያያዘ ቀጭን ብዕር በላዩ ላይ መስመር ይጭራል። ተመራማሪው አየሁ ወይም መሰለኝ ከማለት ይልቅ መስመሩን ያነባል። ሞሶ ይህን ዘዴ ከሉድቪግ፣ በኋላም በፓሪስ ከኤቲየን ዡል ማሬ ተምሮ ወደ አገሩ ይዞ ተመለሰ። በ1875 በቱሪን የመድኃኒት ሳይንስ መምህር ሆነ፤ በ1879 ደግሞ መምህሩ ያኮብ ሞሌሾት ወደ ሮም ሲዛወር የፊዚዮሎጂን ወንበር ወረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ከቱሪን አልተነቀለም።

የመጀመሪያው ታላቅ መሣሪያው ፕሌቲዝሞግራፍ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተመርማሪው ክንዱን ውኃ በተሞላ የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ያስገባል፤ አፉ በጎማ ይታሸጋል። ወደ ክንዱ የሚገባው ደም ሲጨምር ክንዱ ያብጣል፣ ውኃውም ተገፍቶ ወደ መመዝገቢያው ያልፋል፤ ደሙ ሲቀንስ ውኃው ይመለሳል። ሞሶ በዚህ መሣሪያ ያየው ግን ከጠበቀው በላይ ነበር። ተመርማሪው ሲያስብ ወይም ሲደነግጥ የክንዱ መጠን ይቀንሳል። በላይፕትሲግ በተደረገ አንድ ሙከራ ላይ የሥራ ባልደረባው በመሣሪያው እንደተያዘ ፕሮፌሰር ሉድቪግ በድንገት ወደ ክፍሉ ገባ፤ በዚያው ቅጽበት መስመሩ ቁልቁል ወረደ። አማካሪው በሩን ሲከፍት ደሙ የማይሸሽ ተመራቂ ተማሪ ዛሬም ጥቂት ይመስለኛል።

ከክንድ የሸሸው ደም ወዴት ይሄዳል? ወደ አንጎል ይሆናል ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ ማሳየት ግን ከባድ ነበር። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተዘግቷል፤ በዘመኑ ኤክስሬይ እንኳ አልተገኘም ነበር። ሞሶ መስኮት ያገኘው በአደጋና በበሽታ ነው። የራስ ቅላቸው አጥንት በጉዳት የጎደለና የአንጎላቸው ትርታ በቆዳቸው ሥር የሚታይ ጥቂት ሕሙማን በቱሪን ሐኪሞች እጅ ነበሩ። ከእነርሱ ይልቅ የሚታወቀው በ1877 ከመንደሩ ደወል ቤት ሥር ቆሞ ሳለ ከዐሥራ አራት ሜትር ከፍታ ጡብ የወደቀበት የ37 ዓመት ገበሬ ነው። ገበሬው በሕይወት ተረፈ፤ አጥንቱ ግን ክፍት ቀረ። ሞሶ በክፍተቱ ላይ ከጉታ ፐርካ የተሠራ ክዳን ገጠመ፤ ከክዳኑ ቱቦ አውጥቶ ከመዝጋቢው ጋር አያያዘ። የአንጎሉ እያንዳንዱ ትርታ በጥላሸቱ ላይ ተጻፈ።

ሙከራዎቹ ለዛሬ አንባቢ የሚታወቁ ዓይነት ናቸው፤ ዕረፍት፣ ከዚያ ተግባር፣ ከዚያ እንደገና ዕረፍት። ገበሬው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ መስመሩ የተረጋጋ ነበር። የቀትር ደወል ሲደወል ትርታው ከፍ አለ፤ ደወሉ ጸሎት አስታውሶት እንደሆነ ሲጠየቅም እንደገና ተለወጠ። ስምንትን በዐሥራ ሁለት እንዲያባዛ ሲታዘዝም እንዲሁ ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ተቺ በቀላሉ ሊጥለው ይችል ነበር፤ ልቡ ስለመታ ወይም ትንፋሹ ስለተለወጠ ነው ማለት ይበቃል። ሞሶን ከቀደሙት የሚለየው እዚህ ላይ ያሳየው ጥንቃቄ ነው። የአንጎሉን ትርታ በሚመዘግብበት ጊዜ ሁሉ የክንዱንም አብሮ ይመዘግብ ነበር። የአንጎሉ መስመር ከፍ ብሎ የክንዱ ባለበት ሲቆይ ለውጡ የመላው ሰውነት እንዳልሆነ ተረዳ። ዛሬ በምስል ጥናት ውስጥ የልብ ምትና የትንፋሽ ተጽዕኖን ለይቶ ማውጣት የምንለው ሥራ ጅምሩ እዚህ ይታያል። ግኝቶቹን በ1880 በሰው አንጎል ውስጥ ስላለው የደም ዝውውር ባሳተመው መጽሐፍ ሰበሰባቸው፤ መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት በጀርመንኛ ወጣ።

ስለ እነዚህ ሕሙማን አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ አይገባም። ብዙዎቹ ድኾች ነበሩ፤ ገበሬዎች፣ የጉልበት ሠራተኞች፣ ሕመማቸውን ይዘው ሐኪም ቤት የገቡ ሰዎች። የዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚጠይቀው የፈቃድ ወረቀት በዘመኑ አልነበረም። የአንጎል ምስል ሳይንስ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የተበደረው ጡብ ከወደቀበት ገበሬ ነው፤ ብድሩ ከተከፈለ ግን ለሞሶ ስም እንጂ ለገበሬው አልተከፈለም።

ሕሙማኑን ሞሶ በቀን ብቻ አልመረመረም። ሌሊት በትንሽ መብራት ተቀምጦ የተኛ ሰው አንጎል የሚጽፈውን መስመር ተከታትሏል። ለተያዝንበት ጥያቄ ከሥራዎቹ ሁሉ ዋጋ ያለው ምናልባት ይህ ነው። የተኛው ሰው ጸጥ ብሎ ሳለ እንኳ መስመሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ከውጭ ድምፅ ሲመጣ፣ ስሙ በቀስታ ሲጠራ ወይም ቆዳው ሲነካ የአንጎሉ መጠን ይጨምራል፤ ትንፋሹም ይለወጣል። ተኚው ግን አይነቃም፤ ሲነሣም የሚያስታውሰው ነገር የለም። ሞሶ ከዚህ በመነሣት እንቅልፍ ሙሉ መቋረጥ እንዳልሆነ፣ አንጎልም ተኝቶ ሳለ እንደ ዘብ ጠባቂ ውጩን እንደሚያዳምጥ አስተዋለ። በመስማትና በመንቃት መካከል ሌላ ደረጃ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ በጥላሸቱ ላይ ነበረ።

ከፓዎሎ ፔላካኒ ጋር ሆኖ በ1881 ያሳተመው የሽንት ፊኛ ጥናት በብዙ የሕይወት ታሪኮቹ ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይጠቅሰውም። ሐሳቡ ከፕሌቲዝሞግራፉ የተወለደ ነው። በክንድ ፈንታ ፊኛ፣ በመስታወት ሲሊንደር ፈንታ ወደ ፊኛው በገባ ቀጭን ቱቦ ከመዝጋቢው ጋር የተያያዘ የውኃ ዕቃ ተተካ። ሙከራው በመጀመሪያ በውሾች፣ ቀጥሎ በሴቶች ሕሙማን ላይ ተደረገ። ከተገኙት ነገሮች ሁለቱ ዘላቂ ሆኑ። አንደኛው፣ ፊኛ እንደ ጎማ ከረጢት እየተወጠረ የሚሄድ ዕቃ አለመሆኑ ነው፤ ውኃ ሲጨመርበት ግድግዳው ራሱን ያላላል፣ በውስጡ ያለው ግፊትም ብዙ ሳይጨምር ይቆያል። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ለተኛችው ተመርማሪ ሰው ሲያነጋግራት፣ እጇ በቀስታ ሲነካ ወይም የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብላት ፊኛዋ ይኮማተር ነበር። ተመራማሪዎቹ ትንፋሽን አብረው በመመዝገብ ይህ ከሆድ ጡንቻ ግፊት የመጣ እንዳልሆነ ለዩ። በሞሶ አስተያየት ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ለስሜት ፈጥነው ከሚመልሱት አንዱ ፊኛ ነው፤ የዓይን ብሌን ለብርሃን እንደሚመልሰው ያህል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ይበቃል። ሽንትን መያዝና መልቀቅ ከምግባር የሚቆጠር ነገር ነበር። መኝታውን የሚያረጥብ ልጅ ሰነፍ ወይም እልኸኛ ይባላል፤ መድኃኒቱም ተግሣጽና ቅጣት ነበር። ሞሶና ፔላካኒ ስለ ልጆች ሳይናገሩ የነገሩን መሠረት አናወጡት። ፊኛ ባለቤቱ ሳያዝዘው፣ ሳያውቀውም፣ ለአንጎል ሁኔታ የሚመልስ አካል ከሆነ ሌሊት የሚሆነውን ነገር በፈቃድ ብቻ መተርጎም አይቻልም። ሰዎች ይህን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ሞሶ በሕይወት ሳለ፣ በ1904፣ ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ማይንሃርት ፎን ፋውንድለር አልጋው ሲረጥብ ደወል የሚያሰማ መሣሪያ ገለጸ፤ የዛሬው የማንቂያ ደወል ሕክምና ጅምር እርሱ ነው። ቅጣትን ግን ደወሉም ከቤት አላስወጣውም።

ዛሬ ያለው እውቀት ችግሩን በሦስት ነገሮች መገናኘት ያስረዳል፤ ሌሊት የሚመረተው ሽንት መብዛት፣ የፊኛ በጥቂት መጠን መኮማተር፣ የአንጎልም በፊኛ መሙላት አለመንቃት። ሦስተኛው ሞሶ ሌሊት በመብራት የተከታተለው ጥያቄ ነው። በ1997 በታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ሽንት የሚያመልጣቸው ወንዶች ልጆች ተኝተው ሳለ በጆሯቸው ድምፅ ተሰማ፤ የነቁት ከዐሥር ሙከራዎች በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር፤ ችግሩ የሌለባቸው ግን ከዐሥር በአራቱ ገደማ ነቁ። ወላጆች ልጄ እንቅልፉ ከባድ ነው የሚሉት ሐሰት እንዳልሆነ ይህ አሳየ። ነገር ግን በ2008 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት ጉዳዩን አወሳሰበው፤ ችግሩ የጠናባቸው ልጆች እንቅልፍ ጥልቅ ሳይሆን ቀላልና በተደጋጋሚ የሚቆራረጥ ሆኖ ተገኘ። አንጎላቸው ደጋግሞ ይነቃነቃል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይነቃም። ከሞሶ መስመር ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ተቃርኖው ይቀልላል። መልእክቱ ይደርሳል፤ ከመድረስ እስከ መንቃት ያለው መንገድ ነው የተዘጋው።

በምስል መሣሪያ በኩል በ1997 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ እነ ብሎክና ሆልስቴግ፣ ሽንት በሚሸኑ ሰዎች ላይ ባደረጉት የፔት ምርመራ ፖንስ በሚባለው የአንጎል ግንድ ክፍል ውስጥ ያለው የሽንት ማዕከል በሰውም ላይ ሲሠራ አሳዩ፤ ቀድሞ በድመት የታወቀ ነገር ነበር። ከ2010 ወዲህ በተለይ ከቻይና የወጡ በርካታ የኤም አር አይ ጥናቶች ሽንት የሚያመልጣቸውን ልጆች ከሌሎች ጋር አነጻጽረው በግንባር የአንጎል ክፍል፣ በታላመስና በእነዚህ መካከል ባሉ መገናኛዎች ላይ ልዩነት አግኝተዋል። ግኝቶቹ የሚናቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ በዚህ መስክ ለሚሠራ ተመራቂ ተማሪ አንድ ነገር መጠቆም ተገቢ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ጥናቶች ልጆቹን የመረመሩት በቀን፣ ነቅተው ሳለ ነው። ችግሩ የሚደርሰው ሌሊት ነው። በቀን የታየ ልዩነት የችግሩ ምክንያት ይሁን፣ ውጤት ይሁን ወይም የአንጎል ዕድገት መዘግየት አብሮ የሚያመጣው ሌላ ምልክት ይሁን ከምስሉ ብቻ መለየት አይቻልም። የተመርማሪዎቹ ቁጥርም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ከ1880 በፊት ጥላሸት የተቀባ ወረቀት ይዞ ሌሊቱን የተቀመጠው ሰው፣ መሣሪያው ደካማ ቢሆንም፣ ሰዓቱን በትክክል መርጦ ነበር።

የራስ ቅሉ የተሰበረ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሞሶ ጤነኛን ሰው ሳይጎዳ የአንጎሉን ደም የሚለካበት መንገድ ፈለገ፤ በ1882 እና በ1884 ባወጣቸው ጽሑፎች የሰው የደም ዝውውር ሚዛን የሚባለውን ገለጸ። የአናጢው ልጅ እጅ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ በመካከሉ በብረት ስለት ላይ ያርፋል። ተመርማሪው በጀርባው ይተኛል፤ ራሱና እግሩ እስኪተካከሉ ድረስ ክብደቶች ይስተካከላሉ። ትንፋሽ የሚያመጣው ውዝዋዜ እንዳያስቸግር ከበድ ያለ የማረጋጊያ ክብደት ተጨመረ። ደሙ በሰውነቱ ውስጥ እስኪረጋ ተመርማሪው ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ከዚያ ንባብ ወይም ድምፅ ይቀርብለታል። ሐሳቡ ሲሠራ ደም ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ሚዛኑም በራስ በኩል ያዘነብላል የሚል ነበር ግምቱ። ስለ ሙከራዎቹ የሚነገረው ታሪክ ከጋዜጣ ይልቅ ከባድ መጽሐፍ ሚዛኑን ይበልጥ እንደሚያዘነብል፣ ከተቆጣ ባለዕዳ አስከፋይ የመጣ ደብዳቤ ደግሞ ከሁሉ እንደሚበልጥ ያወሳል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ ሙከራውን ጠቅሶታል።

ሚዛኑ በእርግጥ የአንጎልን ሥራ ይለካ ነበር? መልሱ ቀላል አይደለም። ደም ወደ ራስ ሲሄድ ሌላም ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ትንፋሽ፣ ጡንቻ፣ የሆድ ዕቃ። ሞሶ ይህን ስለሚያውቅ የእጅና የእግር መጠን አብሮ ይመዘግብ ነበር። በ2014 ብሬይን በተባለው መጽሔት ላይ ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንዱ የሞሶን የተረሳ ጽሑፍ መልሶ አቀረበ። ሌላው በእንግሊዝ አገር በፊልድና በኢንማን የተሠራ ሲሆን ሚዛኑን በዘመናዊ መለኪያ እንደገና ሠርቶ ፈተሸው፤ ድምፅና ምስል ለተሳታፊዎች ሲቀርብ በራስ በኩል ያለው ኃይል በጥቂቱ እንደሚጨምር አገኘ። ይህ የሞሶን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አያጸድቅም፤ ከንቱ አለመሆኑን ግን ያሳያል። ዛሬ በኤም አር አይ ምስል ላይ በቀይና በቢጫ የምናየውም የሐሳብ ቀለም ሳይሆን የደም ለውጥ ነው። ከለውጡ ወደ ሐሳቡ የሚወስደው ድልድይ በሞሶ ዘመን ጠባብ ነበር፤ ዛሬ ሰፍቷል እንጂ ድልድይ መሆኑ አልቀረም።

በ1884 ስለ ፍርሃት የጻፈው መጽሐፍ በቤተ ሙከራ የተያዘውን እውቀት ወደ ሕዝብ አወጣው። በዚያ መጽሐፍ ስለ ሕፃናት ሲናገር ልጆችን በማስፈራራት ማሳደግን አጥብቆ ይነቅፋል፤ በመሣሪያ ያየው የድንጋጤ ውጤት ከቃሉ በስተጀርባ አለ። በ1891 ስለ ድካም የጻፈው ሌላው መጽሐፉ በአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በፋብሪካም በትምህርት ቤትም መወያያ ሆነ። ለዚህ የተጠቀመበት ኤርጎግራፍ የመካከለኛ ጣት ክብደት እያነሣ እስኪዝል የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ባልደረቦቹ ከሙከራዎቹ አንዱን በራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ተማሪዎችን በቃል ሲፈትኑ የዋሉ መምህራን ጣት ከወትሮው ፈጥኖ ዛለ። የፈተና ድካም የተፈታኙ ብቻ እንዳልሆነ በቁጥር የተረጋገጠው ያኔ መሰለኝ። በ1882 ደግሞ የኢጣሊያን የሕይወት ሳይንስ ለውጭ አንባቢ በፈረንሳይኛ የሚያቀርብ መጽሔት አቋቋመ፤ ኢጣሊያንኛ ማንበብ የማይችሉ ሊቃውንት የቱሪንን ሥራ ያወቁት በዚሁ በኩል ነው።

ተራራ የሞሶ ሁለተኛ ፍቅሩ ነበር። በሞንቴ ሮዛ ጫፍ፣ በ4,554 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ1893 የተመረቀውን የንግሥት ማርገሪታ ጎጆ በማግስቱ ዓመት ቤተ ሙከራ አድርጎ በዚያ ከረዳቶቹ ጋር ሠራ። እንቅልፍ እዚያም ተከተለው። በከፍታ የተኙ ሰዎች ትንፋሽ እየጨመረና እየቀነሰ፣ አንዳንዴም ለጥቂት ጊዜ እየቆመ እንደሚሄድ መዘገበ። የከፍታ ሕመምን ምክንያት ሲያብራራ ግን ተሳሳተ። ፈረንሳዊው ፖል ቤር የኦክስጅን ማነስ ነው ብሎ ነበር፤ ሞሶ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም መቀነስ ነው ብሎ ተከራከረ። ጊዜ የፈረደው ለቤር ነው። የሞሶ መስመሮች ግን ከንድፈ ሐሳቡ ተለይተው እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ በልጆች ላይ ከሌሊት ሽንት ማምለጥ ጋር እንደሚያያዝ ዛሬ የታወቀ ነው፤ ቶንሲላቸው ያበጠ አንዳንድ ልጆች ትንፋሻቸው ሲስተካከል መኝታቸው ይደርቃል። ሞሶ ሁለቱን አላገናኘም። ፊኛውን በ1881፣ ትንፋሹን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ መዝገብ ላይ ጻፋቸው።

በ1904 የመንግሥቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ። በዚያው ዘመን ገደማ ሕብለ ሰረሰርን የሚጎዳ፣ አካሄድን የሚያሰናክል ሕመም ያዘው። ሕይወቱን በሙሉ የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚሄድ ሲመረምር የኖረ ሰው በራሱ እግር መልእክቱ ሲጠፋ ተመለከተ። በተራራ መውጣትም በቤተ ሙከራ ሌሊቱን ማንጋትም ቀረ። በ1907 በሞንቴ ሮዛ ግርጌ በኮል ዶለን በእርሱ ጥረት የተሠራው የከፍታ ምርምር ተቋም ሲመረቅ እርሱ ወደ ሌላ ሥራ ዞሮ ነበር፤ አርኪዮሎጂ። ወደ ቀርጤስ ደሴት ተጉዞ የጥንቱን ፈርስራሽ ጎበኘ፣ ስለ ቁፋሮውም መጽሐፍ ጻፈ። ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ይህን እንደ መዝናኛ ቢቆጥሩትም እርሱ በጥንት ሰዎች አጥንት፣ ምግብና መሣሪያ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ከፊዚዮሎጂው ብዙ የራቀ አልነበረም። ስለ ሜዲትራኒያን ሥልጣኔ አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ በ1910 ታተመ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን በተወለደባት ከተማ በቱሪን በ64 ዓመቱ ዐረፈ።